የቢጫው ቅጽ ሰባተኛ ጥያቄ

ስልኩ ለሦስተኛ ጊዜ ኪሱ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ፋርማሲስቱ ጀርባውን ለሠልጣኞቹ ሰጥቶ ሰሌዳው ላይ የላቲን ቃል ይጽፍ ነበር። በግራ እጁ ኪሱን ዳበስ አድርጎ ዝም አሰኘው። አክስቱ መሆኗን ያውቃል። በዚህ ሰዓት የምትደውለው ምሳ በላህ ወይ ለማለት ነው ብሎ ገመተ።

«ቪጂላንስ» አለ ዞር ብሎ፤ «የእንግሊዝኛ ቃል ነው፤ የመጣው ግን ከላቲን ነው። ‹ቪጂል› ያልተኛ፣ የነቃ ማለት ነው። ነገር ግን ዓይን ገልጦ መቀመጥ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ወደ ኋላ ስንሄድ የቃሉ የጥንት ሥር ብርታት፣ ሕያውነት ማለት ሆኖ እናገኘዋለን። ‹ቬጅቴብል› የሚለው ቃል እንኳ ከዚያው ሥር ነው የበቀለው።»

«ካሮትም ዘብ ይቆማል በለና!» አለ ከኋላ ወንበር የላቦራቶሪው ባለሙያ።

ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ። ፋርማሲስቱም ሳቀ። ስምንት ዓመት ውጭ አገር ተምሮ ከተመለሰ ገና ስድስት ወሩ ነው፤ የሆስፒታሉ ሠራተኞች በሌለበት «መዝገበ ቃላት» እያሉ እንደሚጠሩት ደርሶበታል። አልሰማሁም ይላል እንጂ ስሙ ውስጥ ውስጡን ደስ ይለዋል።

አሥራ ሁለቱ ሠልጣኞች ፊት አሥራ ሁለት ቢጫ ቅጾች ተቀምጠዋል። አንድ መድኃኒት ያልታሰበ ጉዳት ሲያደርስ፣ ጉዳቱን ያየ ሰው ሞልቶ ለሆስፒታሉ ዳይሬክተር የሚያስገባው ቅጽ ነው። ያዘጋጀው ራሱ ነው። ሥልጠናው ካማረ ዳይሬክተሩ የመድኃኒት ጉዳት መከታተያው ክፍል ኃላፊ ሊያደርገው ቃል ገብቶለታል።

«ሰባተኛውን ጥያቄ እዩልኝ» አለ። «‹ምልክቱ ከዚህ በፊት ታይቶ ነበር ወይ? ለማን ተነገረ? ምን ተደረገ?› የቅጹ ልብ ይህ ነው።»

ከፊት የተቀመጠችው መድኃኒት አዳይ እጇን አወጣች። ሃያ ሁለት ዓመት በመስኮት መድኃኒት ስትሰጥ የኖረች ሴት ናት።

«እኔ የምለው ወንድሜ፣ ይሄ ቃልህ በእኛ ምን ይባላል?»

«የመድኃኒት ደኅንነት ክትትል ይባላል።»

«እሱማ የቢሮ ስም ነው። እኛ ቤት በሽተኛ ትተን ስንወጣ ‹ዓይንሽን እንዳትነቅዪበት› ነው የምንለው። እሱ አይሆንም?»

«ይቀራረባል» አላት ፈገግ ብሎ፤ «ግን የሙያ ክብደት ይጎድለዋል።»

ይህን ብሎ አፉን ሳይገጥም በሩ ተበረገደ። የድንገተኛ ክፍሉ ነርስ ነው፤ ያለከልካል።

«መዝገበ ቃ... ይቅርታ። አክስትህ ታች ናቸው። ጎረቤት ነው በታክሲ ያመጣቸው። ምላሳቸው አብጧል፤ መናገር አልቻሉም።»

ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ወረደ። እያንዳንዱ ደረጃ ላይ ግን አንድ ትዝታ ይጠብቀው ነበር። ከአምስት ሳምንት በፊት አዲሱን የደም ግፊት ኪኒን ለአክስቱ ይዞላት የገባው እሱ ነው። በአሥረኛው ቀን ደረቅ ሳል ያዛት፤ «አቧራ ነው» አላት። እሑድ ጠዋት ደግሞ የታች ከንፈሯ በአንድ ወገን ተነፍቶ ተነሣች።

«አንተ ልጅ፣ እስቲ ይቺን ከንፈሬን እያት። ንብ ስትስመኝ ያደረች መሰልኩ!»

«እሺ እቴቴ፣ ይጎድላል» አላት፤ ዓይኑን ከላፕቶፑ አላነሣም። ለዚሁ ሥልጠና ስላይድ እየሠራ ነበር።

ከንፈሯ ማታ ጎደለ። ረቡዕ ዕለት አዳይዋ ኮሪደር ላይ አስቆመችው። «አክስትህ መጥተው ነበር። ከንፈሬ አብጦ ነበር ሲሉኝ አልወደድኩትም። ያ ኪኒን...» ስትል፣ «ሥልጠናው ይለፍና እናወራለን» ብሏት አለፈ።

ያ ኪኒን ሳልና የከንፈር እብጠት እንደሚያመጣ አያውቅም እንዳይባል፣ ለፈተና አጥንቶት ሙሉ ነጥብ አግኝቶበታል።

አክስቱ አልጋው ጠርዝ ላይ ወደ ፊት ዘንበል ብላ ተቀምጣለች። ምላሷ አፏን ሞልቶታል። መርፌ ተወግታለች፤ ኦክስጅን ተደርጎላታል። ጫማዋ ግራና ቀኙ የተለያየ ነው። ያገኘችውን አጥልቃ ነው የወጣችው።

«እናቴ፣ በራስዎ ምልክት ይስጡኝ» አለች ወጣቷ ሐኪም፤ እስክሪብቶዋን ወረቀት ላይ አስደግፋ። «ከዚህ በፊት እንዲህ አብጦብዎት ያውቃል?»

አክስቱ ሐኪሟን አላየችም። እሱን አየችው። ቆይታ ራሷን በአሉታ ነቀነቀች።

«ሳልም፣ የከንፈር እብጠትም፣ ምንም? ለማንም አልነገሩም?»

አሁንም ነቀነቀች።

«ድንገተኛ ነው እንግዲህ» አለች ሐኪሟ እየጻፈች። ወደ እሱ ዞራ «አይዞህ፣ በጊዜ ደርሰዋል። ግማሽ ሰዓት ቢዘገዩ ግን ሌላ ነገር እናወራ ነበር» አለችው።

መጀመሪያ የተሰማው እፎይታ ነበር። ያፈረውም በዚያ ነው። «አብጦ ነበር» ለማለት ሁለት ቃል ብቻ ነው የሚያስፈልገው። እዚያው ቆሞ ሐኪሟ ጽፋ ስትጨርስ፣ ወረቀቱን ስታጥፍ፣ ወደ ሌላ በሽተኛ ስትሄድ ዝም ብሎ አየ።

ከሁለት ሰዓት ተኩል በኋላ እብጠቱ ጎደል ሲል አንደበቷ ተፈታ፤ ድምጿ ግን ገና ወፍራም ነው።

«ለምን ዋሸሽ እቴቴ?»

«ምን ልበል ታዲያ? ውጭ አገር ድረስ ልኬ ያስተማርኩት ልጅ ቀና ብሎ አላየኝም ልበል? በባልደረቦቹ ፊት?»

ጎንበስ ብሎ የተለያዩትን ጫማዎቿን አልጋው ሥር አስተካከለ።

«ሦስቴ ደወልኩልህ። እዚህ ስደርስ እያስተማረ ነው አሉኝ። ምን ነበር የምታስተምረው?»

«አንድ... የእንግሊዝኛ ቃል።»

«ምን ማለት ነው?»

ላቲኑ ጠፋው። የጥንቱ ሥርም ጠፋው። መሬት መሬት እያየ፣ «ዓይን አለመንቀል ማለት ነው» አላት።

አክስቱ ሳቅ ስትል ምላሷን አመማት። «ወይ ጉድ» አለች ጉንጯን ይዛ፤ «ይሄን ለመማር ነው ያን ሁሉ አውሮፕላን የተሳፈርከው?» ከዚያ እጁን ፈልጋ ያዘችው፤ ለእሱ ግን ብትቆጣው ይሻለው ነበር።

ከሰዓት በኋላ ወደ ሥልጠናው ክፍል ተመለሰ። ሠልጣኞቹ ከምሳ ተመልሰው ይጠብቁታል። የላቲኑ ቃል ሰሌዳው ላይ እንዳለ ነው። አዳይዋ ከመቀመጫዋ ተነሥታ ጠጋ አለችው።

«እንዴት ናቸው?»

«ደኅና ናት። ተርፋለች።»

«ተመስገን።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ረቡዕ ያልኩህን ለማንም አልናገርም። አንተም አታንሣው። ሰው ነህ።»

ያው ምሕረት ነው፤ በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ተሰጠው። መቀበል ቀላል ነበር። ጠረጴዛው ላይ ከተረፉት ቢጫ ቅጾች አንዱን አነሣና ቆሞ መሙላት ጀመረ። የኪኒኑን ስም ጻፈ። የተጀመረበትን ቀን ጻፈ። ሰባተኛው ጥያቄ ላይ እስክሪብቶው ቆመ። የላቦራቶሪው ባለሙያ እንኳ አልቀለደም። ከዚያ ሦስት መስመር ጽፎ፣ ከሥሩ ስሙን አስፍሮ ፈረመ። ቅጹን ለአዳይዋ ዘረጋላት።

«ይህንን ለክፍሉ ያንብቡልን። ሲጨርሱ አንዱን ኮፒ ለሐኪሟ፣ ዋናውን ለዳይሬክተሩ አደርሳለሁ።»

አዳይዋ መነጽሯን አደረገች። ዓይኗ ወደ ቅጹ ግርጌ ሲወርድ አየው። ቀና አለች።

«እርግጠኛ ነህ? ሁሉንም?»

«ከሰባተኛው ይጀምሩ» አላትና ሄዶ ከሠልጣኞቹ መካከል፣ የእሷ በነበረው ወንበር ላይ ተቀመጠ።