ለጊዜው የተባሉት መስመሮች

ሲስተር መጀመሪያ የደወለችልኝ ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። ሰዓቱን የማውቀው ደብተሬ ላይ ስለጻፍኩት ነው። ብልሽት ሲነገረኝ ሰዓቱን መጻፍ ልማዴ ነው፤ ኋላ ማን አዘገየ የሚል ጭቅጭቅ ሲነሳ እጄ ንጹህ እንዲሆን።

"ኢንተርኔት የለንም" አለችኝ።

"እኛ ጋ አለ" አልኳት።

ሲስተር የምትሠራው ከተራራው ማዶ ባለው ክሊኒካችን ነው። እኔ የዋናው ሆስፒታል የኔትወርክ ሠራተኛ ነኝ፤ ቢሮዬ ምድር ቤት ነው፣ ማቀዝቀዣው ያለ ፋታ የሚያጓራበት ክፍል። ክሊኒኩ የራሱ ኢንተርኔት የለውም። በጣሪያ ላይ አንቴና ወደ እኛ ይመጣል፣ ከዚያ በእኛ ፋየርዎል በኩል ወደ ውጭ ይወጣል። ፋየርዎል ማለት የግቢ ዘበኛ ነው በሉት፤ ማን ይውጣ፣ ማን ይግባ፣ የገባውስ ወደየትኛው ክፍል ይሂድ የሚል፣ በመስመር በመስመር የተጻፈ ዝርዝር ይዞ በር ላይ ይቆማል። አሮጌውን ቅዳሜ ከሰዓት ነቅዬ አዲስ ተክቻለሁ። እሑድ ክሊኒኩ ዝግ ስለነበር ማንም ምንም አላለም።

"ደረቱን የሚያመው በሽተኛ አለን" አለች ሲስተር። "የልብ ምርመራውን አንስተናል፤ ሌላ ከተማ ላለው የልብ ሐኪም መላክ አለብን። እሱ አይቶ ካልፈቀደ የረጋ ደም የሚያሟሟውን መርፌ መስጠት አንችልም። ያለቦታው ከተሰጠ ይገድላል።"

"አምቡላንሱስ?"

"ምጥ የያዛት ሴት ይዞ ወጥቷል። ሲሄድ ሦስት ሰዓት፣ ሲመለስ ሦስት ሰዓት ነው፤ ታውቀዋለህ።"

አውቀዋለሁ። ክሊኒኩ ሸለቆ ውስጥ ስለሆነ ሞባይል እንደማይሠራም አውቃለሁ። በመደበኛ ስልክ ማውራት ይችላሉ፤ የልብ ምርመራውን ወረቀት ግን በስልክ ሽቦ ማሳየት አይቻልም። ያለ እኔ ፋየርዎል ሌላ መንገድ አልነበራቸውም።

ከጠረጴዛዬ ሆኜ የክሊኒኩን ኮምፒውተር ጠራሁት፤ መለሰልኝ። ወደ ውጭ ሞከርኩ፤ እሱም መለሰ። ከእኔ እስከ እነሱ ደህና፣ ከእኔ እስከ ዓለም ደህና። ምን ቀረኝ? ዓይኔን በጨው አጥቤ "ይሠራል" አልኳት። "ችግሩ ከእናንተ ነው። ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ አብሩት።"

አጥፍተው አበሩት። ሁለተኛ ስትደውል ኬብሉን ነቅላችሁ ሰኩት አልኩ። ነቅለው ሰኩት። ቀጥዬ ኢንተርኔት ወደሚሸጥልን ድርጅት ደወልኩና አንዱን ምስኪን ሃያ አምስት ደቂቃ ሙሉ ጮህኩበት። ሰውየው በትሕትና "መስመሩ ሰላም ነው ጌታዬ" ባለ ቁጥር ደሜ ይፈላ ነበር። በዚህ ሁሉ መሐል አዲሱን ፋየርዎል አልጠረጠርኩም። የራሴ እጅ ሥራ ነዋ። አለቃዬ ቅዳሜ ዕለት ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ "ይኸው ንጹህ ሥራ" ብሎኛል።

አራት ሰዓት ተኩል ላይ ሲስተር ለሦስተኛ ጊዜ ደወለች። ድምጿ ተለውጧል።

"ወንድሜ፣ በሽተኛው ላብ በላብ ሆነዋል። እንዳልነግርህ አስምለውኝ ነበር። 'ካወቀ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ አይሠራም' አሉኝ። አሁን ግን ራሳቸው ስልኩን ስጪኝ ብለዋል።"

የስልኩ እጀታ ሲንኳኳ ተሰማኝ። ከዚያ የማውቀው ድምፅ መጣ።

"አንተ ልጅ።"

ክው አልኩ። አማቴ ናቸው።

ከእኔ በፊት በዚህ ወንበር ላይ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የተቀመጡት እሳቸው ናቸው። ሥራውን ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። ጡረታ ሲወጡ ከክሊኒኩ አጠገብ ትንሽ ቤት ሠርተው ገቡ። ሥራቸውንም ልጃቸውንም ወሰድኩባቸው እያልኩ እቀልዳለሁ። እሳቸው ደግሞ "ልጄስ ለራሷ ታውቃለች፤ ሥራውን በወጉ ያዝልኝ" ይሉኛል።

"ጋሼ፣ እርስዎ ነዎት እንዴ? ለምን…"

"ተወው። ከየት ሆነህ ነው የምትሞክረው?"

"ከጠረጴዛዬ።"

"ከዚያማ በሩን ሳታልፍ ነው የምትደርሳቸው፤ ሁልጊዜ ይሠራልሃል። በእነሱ በኩል ሆነህ አስበው። ከእነሱ የወጣው ይወጣል፤ ተመልሶ ሲመጣ ግን በር ላይ ያለው አያውቃቸውም፣ ይጥለዋል።" ትንፋሽ አጠራቸውና ቆም አሉ። "የእኔን መስመሮች የት አደረግሃቸው?"

"የትኞቹን?"

"ስሜ ያለባቸውን ነዋ።"

"ስምዎ ያለበት መስመር አላየሁም ጋሼ። የአሮጌውን ዝርዝር አርባ አንድ መስመር አንድ በአንድ አይቻለሁ።"

"'ለጊዜው' የሚሉትን" አሉ ቀስ ብለው። "ለጊዜው ማለት እኮ እኔ ነኝ።"

ይህን ለማያውቅ ሰው ልንገር። አማቴ መጀመሪያ ሲቀጠሩ ደብዳቤያቸው ላይ "ለጊዜው" የሚል ቃል ነበረበት። ደብዳቤውን የሚያድስም የሚሽርም ሳይገኝ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አለፈ፤ ስሙም በዚያው ወጣላቸው። "ለጊዜው የት ሄደ?" "ለጊዜውን ጥሩልኝ" ይባል ነበር፤ እሳቸውም ይስቁ ነበር። በኋላ ራሳቸውም ተቀብለውት በሠሩት ነገር ሁሉ ላይ ይፈርሙበት ጀመር። እኔ ግን አማቴን በቅጽል ስም አልጠራም፤ አፌም ጆሮዬም አልለመደውም። በስክሪኑ ላይ "ለጊዜው" የሚል ሳይ ያየሁት ቃሉን ብቻ ነው። አለቃዬም "ለጊዜው የተባለ ነገር ለዘለዓለም አይቀመጥም፤ አጽዳው" ብሎኝ ነበር። ዝርዝሩን አትሜ፣ "ለጊዜው" የሚሉትን አምስቱን በቀይ እስክሪብቶ ሰርዤ አስፈረምኩት። የተረፉትን ብቻ ወደ አዲሱ አስገባሁ፤ አሮጌውን ፋየርዎል ደግሞ በውስጡ ያለውን ሁሉ አጥፍቼ የማተሚያው ማስቀመጫ አደረግሁት።

"ሰርዣቸዋለሁ ጋሼ" አልኩ።

"ይመለሳሉ። የክሊኒኩ ሁለት ናቸው። አንዱን ብቻ መልሰህ ደግሞ 'ይሠራል' እንዳትለኝ።"

ከዚያ እጀታው እንደገና ተንኳኳና ሲስተር መጣች። "እሳቸው አረፍ ይበሉ፤ አንተ ፍጠን" ብላ ስልኩን ሳትዘጋ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው።

ወረቀቱን ከመሳቢያ አወጣሁት። ቀዩ መስመር ሥር ሁለቱም በደንብ ይነበባሉ። የመጀመሪያው መመለሻው ነው፤ ለእነዚህ አድራሻዎች የመጣ በአንቴናው በኩል ወደ ክሊኒኩ ይሂድ የሚል። አስገባሁት። ሁለተኛው የክሊኒኩን የውስጥ አድራሻ በሆስፒታሉ አድራሻ የሚለውጠው ነው፤ የውስጡን አድራሻ የውጭው ዓለም አያውቀውምና። እሱን ስጽፍ አንድ ቁጥር ሳትኩ። አጥፍቼ ጻፍኩ፤ ደግሜ ሳትኩ። እጄ እሳቸው እንዳሉት ይንቀጠቀጥ ነበር። በግራ እጄ የቀኙን አንጓ ይዤ በአንድ ጣት ጨረስኩት።

"ሞክሩ!" ብዬ በስልኩ ጮህኩ።

"ሄደ" አለች ሲስተር ከሩቅ። አራት ሰዓት ከአርባ ሰባት ነበር። ጻፍኩት።

ከዚያ በኋላ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ቁጭ አልኩ። ሩጫ ሰማሁ። አልጋ ሲገፋ ሰማሁ። አንድ ሰው ደረታቸውን እየተጫነ ጮክ ብሎ ይቆጥራል፤ ሠላሳ ይደርስና እንደገና ከአንድ ይጀምራል። ስንት ጊዜ ከአንድ እንደጀመረ አላውቅም። ኋላ ቆጠራው ቆመ።

ሲስተር መጣች። ታለቅሳለች።

"የሐኪሙ መልስ አሁን ገባ" አለችኝ። "'መርፌውን አሁኑኑ ስጡት' ይላል።"

"ስጧቸዋ።"

"ወንድሜ፣ አማትህ አርፈዋል።"

አለቃዬ ከሰዓት በኋላ ወደ ምድር ቤት ወርዶ አጽናናኝ። ደግ ሰው ነው፣ አልዋሽም። ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ዞር ብሎ "ለሪፖርቱ ብዙ አትጨነቅ" አለ። "ለጊዜው የተፈጠረ የኔትወርክ ችግር ብለህ ዝጋው።" ሳቅ ድንገት አመለጠኝ፤ አለቃዬ ደንግጦ አየኝ። ምን እንዳለ አላወቀም። ከሄደ በኋላ ምክንያት በሚለው ሳጥን ውስጥ "ለጊዜውን የሰረዝኩት እኔ ነኝ" ብዬ ጻፍኩና ላክሁ። ማንም የሚያነበው አይመስለኝም።

ቤት ስገባ ባለቤቴ የልጆቹ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ለመንገድ ተነስታ አንዱን ጫማ አድርጋለች፤ ሌላው እጇ ላይ ቀርቷል። የአባትሽ ልብ በድንገት ቆመ ተብሎ ነው የተነገራት። እኔም እንደዚያው ብዬ ማለፍ እችል ነበር። የሚያውቅብኝ አልነበረም።

ወረቀቱን ከኪሴ አውጥቼ ጭኗ ላይ አስቀመጥኩት። ስለ ፋየርዎል ምንም አታውቅም፤ የአባቷን ስም ግን ወዲያው አወቀችው። በጣቷ እየነካች አምስቱንም ቆጠረች።

"አባቴ ነው" አለች። "ይሄ ቀዩስ የማን ነው?"

"የእኔ" አልኳት።