ኮልፌ ያላወቃቸው አዋላጅ

እትዬ በለጥሻቸው ከተክለ ሃይማኖት በላይ፣ መርካቶ ገበያ ጥግ በነበረው መንደር ሃያ ስድስት ዓመት አዋልደዋል። ሴት ምጥ ሲይዛት ባል ሮጦ ይመጣል፤ እሳቸውም ነጠላቸውን ደርበው ይወጣሉ። የጎረቤታቸውን የሱሀይርን አምስት ልጆች የተቀበሉት እሳቸው ናቸው።

በ1956 ዓ.ም. መጋቢት ላይ፣ ቦታው ለገበያ አዳራሽ ስለሚፈለግ ነዋሪው በአንድ ወር ውስጥ እንዲለቅ ታዘዘ። ሱሀይር ቡታጅራ ወንድሟ ዘንድ ሄደች፤ ሌላውም በየፊናው ተበተነ። እሳቸው ኮልፌ አንድ ክፍል የጭቃ ቤት ተከራዩ።

በዚያ ሰሞን በየጠዋቱ በእግራቸው መርካቶ እየተመለሱ ቤቶቹ ሲፈርሱ ቆመው ያዩ ነበር። አንድ ቀን የሳቸው ቤት ተራ ደረሰ። የመኝታቸው ግድግዳ፣ ጋዜጣ እንደተለጠፈበት፣ ለመንገደኛ ሁሉ ተገልጦ ሲያዩት ገላቸው የተገለጠ ያህል አፈሩ። ከዚያ ወዲያ አልሄዱም።

ክረምት ገብቶ፣ አንድ እሑድ ቀትር ላይ ከአጥሩ ማዶ የምጥ ጣር ሰሙ። ሰዓቱ እየገፋ ሲሄድ ነገሩ እንደከፋ ከድምፁ ለዩ። እስኪጠሯቸው ጠበቁ። ማንም ስላልመጣ ራሳቸው ሄደው በሩን አንኳኩ። ባልየው ቦጋለ ከፈተላቸው። ልርዳት ብዬ ነው አሉት።

“ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እርስዎ ማን ነዎት?” አላቸው።

አዋላጅ ነኝ ሊሉ አሰቡ። ግን ይህን ቃል በገዛ አፋቸው ብለውት አያውቁም፤ ሁልጊዜ ስለሳቸው የሚናገረው ሌላ ሰው ነበር። አሁን ማን ይመስክርላቸው?

“ጎረቤት ነኝ” አሉ።

ቦጋለ አመስግኖ፣ ወንድሙን ታክሲ ፍለጋ እንደላከው ነገራቸውና በሩን ዘጋ። ታክሲው ጭቃው ይዞት ዘገየ። ሴትየዋ ተረፈች፤ ልጁ ግን ሆስፒታል ሳይደርሱ ሞተ።

በማግስቱ ሊያጽናኑ ሄዱ። ከእንግዶቹ አንዷ፣ ሰፈሩ አዋላጅ የለውም ወይ ብላ ቦጋለን ጠየቀችው።

“የምናውቀው የለም” አላት።

እትዬ በለጥሻቸው በሩ አጠገብ ተቀምጠው ነበር።

ከዚያ በኋላ ሥራዎ ምንድን ነው ለሚላቸው ሁሉ፣ ጥጥ እፈትላለሁ ይሉ ነበር። ውሸት አልነበረም፤ እስኪሞቱ ድረስ ሌላ ሥራ አልሠሩም።