ስንጥቁ ላይ የተለጠፈው ካርድ

"ግባ! ግባ! ቦታ አለ!"

ኦፕሬተሩ አልገባም። የኤክስካቫተሩን መዛቂያ ባኬት አየር ላይ አቁሞ በጋቢናው መስታወት የሚስቱን ወንድም አየው። ሰውዬው ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሞ በሁለት እጁ ይጠራዋል። አሥራ አንድ ዓመት የአውቶቡስ ረዳት ስለነበር በሕይወቱ ቦታ የጠፋበት ቀን የለም።

"ጋሼ፣ ምን ሆንክ? አንድ ክንድ እኮ ነው የቀረህ!"

"ግድግዳውን እየው።"

"አየሁት። ቆሟል።"

"እስካሁን ነዋ!"

ኦፕሬተሩ ሃያ ሁለት ዓመት በሰው ማሽን ሲቆፍር አንድም ቀን ፈርቶ አያውቅም። መሐንዲሱ በኖራ ያሰምራል፣ እሱ ኖራውን ተከትሎ ይቆፍራል፤ ፍርሃቱ የቀጣሪው ድርጅት ነበር። ባለፈው ወር ግን የሚስቱን ቤት አስይዞ ይህን አሮጌ ማሽን ገዛ፤ "የመሬት ቁፋሮ ሥራ ተቋራጭ" የሚል ካርድም ሁለት መቶ አሳተመ። ዛሬ የመጀመሪያ ሥራው ነው፤ የአንድ አዲስ ቤት መሠረት መቆፈር። ጠዋት ሚስቱ ስትሸኘው የቤቱን በር ሁለት ጊዜ ቆልፋ ሁለት ጊዜ ከፈተችው። እሱም በገዛ እጁ በኖራ ሲያሰምር መስመሩ እንደ እባብ ተጣመመበት።

ከመስመሩ ማዶ ያለው የአንዲት አሮጊት ጎረቤት የመኝታ ቤት ግድግዳ ነው። ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አለችበት። ድሮ አንድ ግንበኛ እንዳስተማረው፣ ስንጥቅ ላይ ወረቀት ይለጠፋል፤ ግድግዳው ከተንቀሳቀሰ ወረቀቱ ይቀደዳል። ወረቀት ስላጣ ከካርዶቹ አንዱን ለጥፎ ነበር። ከሁለት መቶው ካርድ እስካሁን ሥራ ያገኘው ይኸኛው ብቻ ነው።

ከማሽኑ ወረደ። ካርዱ ከመሃል ተቀዷል፤ "ቁፋሮ" ወዲህ፣ "ተቋራጭ" ወዲያ።

አሮጊቷ በመስኮት ብቅ አሉ። "ጨረስክ፣ ልጄ? ብርጭቆዎቼ ከጠዋት ጀምሮ ቁም ሳጥን ውስጥ ወሬ ይዘዋል።"

"እማማ፣ እዚያ ክፍል ማን አለ?"

"ማን ይኖራል? እኔና አልጋዬ።"

"እባክዎ፣ አሁኑኑ ይውጡልኝ።"

"ጉድ እኮ ነው! አሁን ገና ነው ጋደም ያልኩት።"

የሚሠራው ቤት ባለቤት ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ እየሮጠ መጣ። "ምን ትገተራለህ? ነገ ጠዋት ኮንክሪት ይሞላል!"

"ግድግዳው እየሄደ ነው።"

"ግድግዳ የት ይሄዳል? ስማ፣ ካልቻልክ ንገረኝ። ከመንገዱ ማዶ ሁለት ማሽን ሥራ ፈቶ ቆሟል።"

ኦፕሬተሩ፣ እጅ አንስቶ "ቁም" የሚለው ሰው ለማግኘት ዙሪያውን ቃኘ። መሐንዲስ የለም። ያለው የሚስቱ ወንድም ነው፤ እሱም በደመ ነፍስ "ግባ" እያለ ነው።

"እጅህን አውርድ" አለው። "ሂድና እማማን ደግፈህ አውጣቸው።"

አሮጊቷ ከነትራሳቸው ወጥተው በሩቅ ወንበር ላይ ሲቀመጡ ወደ ጋቢናው ወጣ። ባኬቱን ወደ አፈር ክምሩ አዞረ። ጠዋቱን ሙሉ ያወጣውን አፈር እያፈሰ ግድግዳው ሥር መለሰው፤ በባኬቱ ጀርባም ቀስ አድርጎ ተጫነው። ባለቤቱ ይጮሃል፤ ከሞተሩ ድምፅ የተነሳ አፉ ብቻ ይታያል። ሲጨርስ ማሽኑን ወደ ኋላ ነድቶ ጠባቡ የግቢ በር ላይ አቆመው። ሌላ ማሽን የሚገባበት በር የለም። ሞተሩን አጠፋና ቁልፉን ኪሱ ከተተ።

"መቼ ነው የምታነሳው?" አለ ባለቤቱ፤ ድምፁ ሰልሏል።

"ግድግዳውን የሚደግፍ ሰው ስታመጣ።"

ከኪሱ ሌላ ካርድ አወጣና ከተቀደደው ሥር ስንጥቁ ላይ ለጠፈው። ከዚያ ፊት ለፊቱ መሬት ላይ ተቀምጦ ካርዱን ይጠብቅ ጀመር።