የጋሽ ይገዙ ውጤት

ሸዋገነት የላቦራቶሪ ባለሙያ ነበረች፤ የምትኖረው ኮልፌ 18 ማዞሪያ። በ1980 ዓ.ም. አንድ ከውጭ ተምሮ የተመለሰ ሐኪም ለምትሠራበት ሆስፒታል አዲስ የምርመራ ኪት ይዞ መጣ። ፒ.ኤስ.ኤ. ይባላል። የወንዶች ፕሮስቴት ዕጢ ወደ ደም የሚለቀውን ፕሮቲን ይለካል፤ ከአራት በላይ ሲሆን ያሳስባል፣ በጣም ከፍ ሲል ደግሞ ካንሰር መኖሩን ይጠቁማል። ኪቱ ለጥቂት ሰው ብቻ የሚበቃ ስለነበር ሐኪሙ በጣም ለሚጠረጥራቸው ካልሆነ አያዝም።

አንድ ሰኞ ከመጡት ናሙናዎች በአንዱ ላይ የጎረቤቷን ስም አነበበች። ይገዙ ሀብተማርያም። ጡረታ የወጡ የከተማ አውቶብስ ሾፌር ናቸው፤ ወገቤን እያሉ ወራት አልፏቸዋል።

ለካችው። መሣሪያው ሊያነብ የሚችለው እስከ መቶ ነበር፤ የጋሽ ይገዙ ደም ከዚያ አለፈ። ከደሙ የተለየውን ፈሳሽ፣ ሴረሙን፣ አሥር እጥፍ አቅጥና እንደገና ለካች። አርባ አንድ አለ። በአሥር አባዛችው፤ አራት መቶ አሥር። የእኔ ስህተት ይሁን ብላ እየተመኘች ከመጀመሪያው ጀምራ ደገመችው። ለውጥ የለም። ወረቀቱ ላይ ጽፋ ለሐኪሙ ላከች፤ ለሰፈር ሰው ትንፍሽ አላለችም።

በሳምንቱ የጋሽ ይገዙ ባለቤት እትዬ እሙ በሯን አንኳኩ።

«ሐኪሙ ምን እንዳለው እንጃ፤ ሰውዬው ከመጣ ጀምሮ አፉን ለጉሟል። እህልም አይቀምስ። አንቺ ታውቂያለሽ አይደል?»

«እትዬ፣ የሰው ምርመራ እኔ አልናገርም። ግን መጥቼ ላነጋግራቸው።»

ጋሽ ይገዙን ግቢው ውስጥ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። እትዬ እሙ ጓዳ ገቡ።

«ቁጥሩን ያየሽው አንቺ ነሽ አሉ። ስህተት የለውም?»

«ሁለት ጊዜ ነው የለካሁት፣ ጋሽ ይገዙ። የለውም።»

«አጥንት ገብቷል አለኝ። ደግሞ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው...» ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዞሩ። «ላኮላሽህ አለኝ።»

ሸዋገነት መሬት መሬት አየች። እንኳን ከአባቷ እኩያ ጋር፣ ከእኩዮቿም ጋር አውርታው አታውቅም። ቢሆንም ተናገረች።

«በሽታው የሚመገበው ከዚያ ከሚመነጨው ነው። ምግቡ ሲቋረጥ ይከሳል። ሕመሙም ይቀልልዎታል።»

«እድናለሁ?»

«አይድኑም። ይተኛልዎታል እንጂ። መቼ እንደሚነቃ ደግሞ የሚያውቅ የለም።»

«እሙ ምን ትለኛለች?»

«እሱን እርሳቸውን ይጠይቋቸው።»

ጠሯቸው። ሸዋገነት ልትወጣ ስትነሣ ጋሽ ይገዙ በእጃቸው ምልክት አስቀመጧት፤ ምስክር የፈለጉ ይመስላል። እየተንተባተቡ ነገሯቸው። እትዬ እሙ ሰምተው ሲያበቁ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ፤ ከዚያ ተቆጡ።

«እና ለዚህ ነው ሳምንት ሙሉ ጀርባህን የሰጠኸኝ? ሠላሳ ሁለት ዓመት የኖርነው ለእሱ ብቻ ነው? ነገ ጠዋት ሐኪሙ ዘንድ አብረን እንሄዳለን!»

ቀዶ ሕክምናው ተደረገ። በሦስተኛው ወር ሸዋገነት ደማቸውን ስትለካ ዘጠኝ ሆነ። ላቦራቶሪው ውስጥ ብቻዋን ቆማ አለቀሰች። ጋሽ ይገዙ ከዘራቸውን ጥለው እስከ አስኮ ዘመድ ጥየቃ በእግራቸው መሄድ ጀመሩ። የቀበሌ ስብሰባ ላይ ሳይቀር ከእትዬ እሙ ጎን ነበር የሚቀመጡት።

በዓመቱ ኪቱ አለቀ፤ ሌላ አልመጣም። አንድ ቀን ፌርማታ ላይ አግኝተዋት «ቁጥሬ ስንት ደረሰ?» አሏት።

«መለኪያው አልቋል፣ ጋሽ ይገዙ። አላውቅም።»

«ደግ። ሳላውቀው ልኑር።»

ሕመሙ በ1982 ክረምት ላይ ተመለሰ። ያኔ ቁጥር የሚነግራቸው ሰው አላስፈለገም፤ ወገባቸው ራሱ ተናገረ። ኅዳር ላይ ዐረፉ።

ለቅሶ ቤት ሸዋገነት እትዬ እሙ እግር ሥር ተቀመጠች። ለመናገር የቀደሙት እርሳቸው ናቸው።

«ያን ቀን ባትመጪ ኖሮ ሳይነግረኝ ይሞት ነበር፣ ልጄ» አሉ፤ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው እየሳቡ። «እኔም ጠልቶኝ ነው እንዳልኩ እቀር ነበር።»