ሰው ያነሰበት ወገን

«ዘግቶ መጫወት ኳስ አይደለም» አለ ጋሽ ዘውዴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። እፍኙ ውስጥ ንፍሮ ይዟል። «አንድ ሺህ ጊዜ እኮ ነው የተቀባበሉባቸው። ስፔን ኳሱን ይዛ አመሸች።»

«ይዛ ምን አመጣች?» አለው ወልደተንሣኤ። «ፍጹም ቅጣት ምት ላይ አንዷን እንኳ ማግባት አቃታት። ሞሮኮ በሯን ዘጋች፣ አለፈች፣ አለቀ። አንተ ቤትህን ዘግተህ ስታድር ፈሪ ትባላለህ?»

«እንግዳ መጥቶ ከዘጋሁማ እባላለሁ።»

ፍቅረማርያም ከሁለቱ ሽማግሌዎች ቢርቅ አንድ ክንድ ነው። ድንኳኑ ውስጥ መሬት ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ጋቢ ተከናንቦ ቁጭ ብሏል። አባቱን የቀበረው ትናንት ነው። እነዚሁ ሁለት የአባቱ ባልንጀሮች ትናንት መቃብሩ አፋፍ ላይ ደረታቸውን እየደቁ፣ በሰው ተይዘው ነው የተመለሱት። ዛሬ ደግሞ ስለ ዓለም ዋንጫ፣ ስለ ሞሮኮ ተከላካይ መስመር ያወራሉ። ይቆጣ ወይስ ይስቅ፣ ግራ ገባው።

ከአንኮበር ለቀብር የመጡት አጎቱ ቄስ ገብረመንፈስቅዱስ ከዳዊታቸው ቀና ብለው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሽማግሌዎቹ ንፍሮውን ቆረጠሙ። ትንሽ ቆይቶ ጋሽ ዘውዴ ወደ ፍቅረማርያም ጠጋ አለና፣ እንዳትቀየመን፣ ለሱው ብለን ነው፣ ዝም ካልን ይቆጣናል አለው።

«ማን ነው የሚቆጣው?»

«አባትህ ነዋ።»

ይኼ ደግሞ የባሰ ግራ ነገር ሆነ። ፍቅረማርያም የሚያውቀው አባቱ ወልደአረጋይ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ሠርቶ ጡረታ የወጣ፣ ሰንበት የማያስታጉል፣ ቤት ውስጥ ካልጠየቁት የማይናገር ሰው ነው። ቢጠይቁትም መልሱ አይሆንም ነው። ሚስቱ ጌጤ ዛሬስ ይዘንባል ካለች አይዘንብም ይላል፤ አይዘንብም ካለች ዣንጥላ ይዞ ይወጣል። ቤታቸው ያለው ቴሌቪዥን ለቅዳሴና ለዜና ካልሆነ አይከፈትም። ማታ ማታ ካፖርቱን ደርቦ ጉዳይ አለኝ ብሎ ይወጣል፤ የምን ጉዳይ ብሎ የጠየቀው የለም። ለካ ጉዳዩ መናኸሪያው አጠገብ ያለችው፣ ኳስ የሚታይባት የገብረአብ ዲኤስቲቪ ቤት ኖሯል። እዚያ ደግሞ ወልደአረጋይ ዝምተኛ አልነበረም አሉ። ጨዋታው አልቆ፣ ሰው ወጥቶ፣ በሩ ላይ በዚያ ብርድ ቆሞ ይሟገት ነበር አሉ።

«ማክሰኞ ዕለት እንዴት ለሞሮኮ እንደተሟገተ!» አለ ጋሽ ዘውዴ።

«የምን ሞሮኮ? ለስፔን እንጂ። ሞሮኮ ብዬ እኔን አይደል ሲያደርቀኝ ያመሸው።»

«አንተን? እኔን ነው እንጂ፣ ስፔን ባልኩ።»

ተያዩ። ሁለቱም እንዳልዋሹ ከፊታቸው ያስታውቃል። ፍቅረማርያም አንዱን ሲያይ፣ ሌላውን ሲያይ፣ ማንን እንደቀበረ ራሱ ጠፋበት።

እሱን ግን የሚያስጨንቀው የስፔንና የሞሮኮ ነገር አልነበረም። ለቅሶ ከደረሰ ጀምሮ የሚውለውም የሚያድረውም ድንኳኑ ውስጥ ነው። ቤቱ ፊት ለፊቱ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ እግሩን አላስገባም። ለቀስተኛው፣ ሹፌር አይደል ብርድ ለምዶ ነው ይላል። እውነቱን የሚያውቁት እናቱና አጎቱ ናቸው። የአባቱ ግዝት አለበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የወልደአረጋይ ቤተሰብ አንኮበር ላይ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነው። ወልደአረጋይ ራሱ ድቁናውን ትቶ ፋብሪካ ስለገባ፣ የሱን ጉድለት ልጁ ይሙላልኝ ብሎ ፍቅረማርያምን ገና በልጅነቱ ለወንድሙ ለቄሱ ሰጠው። ልጁ ተማረ፣ ደቆነ፣ ቀደሰም። ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት ገብስ የጫነ አይሱዙ ላይ ወጥቶ ማንንም ሳይሰናበት ሄደ። አሁን እሱም አይሱዙ ይዞ ከአዲስ አበባ ኮምቦልቻ ይመላለሳል። መንገዱ ደብረ ብርሃንን ሰንጥቆ ነው የሚያልፈው። የአባቱ ቤት መታጠፊያ ጋ ሲደርስ ማርሽ ይቀንሳል፣ ያያል፣ ያልፋል። ያኔ እንደጠፋ ጎረቤቶች ሽማግሌ ሆነው፣ እናቱ እያለቀሰች፣ ይቅር በለው ብለው ሲለምኑት ወልደአረጋይ ብድግ ብሎ «የቤቴን ደፍ እንዳይረግጥ ገዝቼዋለሁ» ብሏላ። በነሱ ቤተሰብ ደግሞ በግዝት አይቀለድም። የገዘተ ራሱ ይፈታል። ሳይፈታ ከሞተስ? ነገ ሣልስት ነው፤ ድንኳኑ ይፈርሳል። ድንኳኑ ከፈረሰ ወይ ቤት መግባት ነው፣ ወይ መኪናውን አስነስቶ መሄድ።

«እኔ እፈታሃለሁ» አሉት ቄሱ አመሻሽ ላይ። «ካህን ነኝ፣ ወንድሙም ነኝ። ግባ ልጄ፣ ይኼ ውርጭ ይገድልሃል።»

«መፍታቱንስ ይፈቱኛል አባ። እሱ ይፈልግ እንደነበር ግን ማን ይነግረኛል?»

ቄሱ ዳዊታቸውን ገለጡ።

እሱም ሽማግሌዎቹን መጠየቅ ጀመረ። ፊት ለፊት አይደለም፣ ዙሪያ ጥምጥም። መንገዴን አንስቶ ያውቃል ወይ? ስለ ሹፌርነት ምን ይል ነበር? ጋሽ ዘውዴ ይኼን ሲሰማ ዓይኑ እንባ አቀረረ። አንተ ስትጠፋ ሁላችንም አንተን ስናማ፣ ባለጌ ስንልህ፣ እሱ ነበር ብቻውን የተሟገተልህ አለው። ሰው ጠብቆ፣ ንብረት ጠብቆ፣ የጣርማ በርን ቁልቁለት በጉም መውረድ ከቅዳሴ የሚያንስ አገልግሎት አይደለም ብሎ ጠረጴዛ መታ አለው። ፍቅረማርያም እነሣለሁ፣ አሁኑኑ እገባለሁ ብሎ ጋቢውን ሰበሰበ።

ወልደተንሣኤ ግን ራሱን ነቀነቀ። እኔ ውሸት አልወድም፣ በሙት ደግሞ አይዋሽም አለ። «ያ ልጅ እኮ ጎበዝ ወጣው ብዬ ባመሰግንህ ሊበላኝ ደረሰ። አሳፍሮኛል ነው ያለኝ። ቅዳሴ አቋርጦ የወጣ ሰው መንገድም አይጨርስም አለኝ።»

ፍቅረማርያም ጋቢውን መልሶ ተከናነበ። ጭንቅላቱ ውስጥ ሁለት አባት ቁጭ አሉ፤ አንደኛው ግባ ይላል፣ ሌላኛው ሂድ ይላል። ሁለቱም አንድ ዓይነት ካፖርት ለብሰዋል።

በዚህ ላይ የወልደተንሣኤ ስልክ። ለካ ሰውየው አንዱን ጆሮ በነጠላው ሸፍኖ የብራዚልን ጨዋታ እያዳመጠ ነው። ብራዚልን ደግሞ ከወጣትነቱ ጀምሮ ነው የሚወዳት። ክሮኤሺያ በፍጹም ቅጣት ምት ስትጥላት ራሱን ይዞ «ወይኔ፣ ወይኔ፣ ጉድ ሆንኩ!» አለ። ቤት ውስጥ ያሉት ሴቶች ከሩቅ አገር ዘመድ የመጣ መሰላቸው። አዲስ ለቀስተኛ ሲገባ አብሮ ማልቀስ ወግ ነውና አንዷ ሙሾ አወጣች፣ ሌሎቹ ተቀበሉ፣ ጌጤ እየተደገፈች ወጣች። ወልደተንሣኤ ደግሞ ብራዚል ነው ብሎ እንዴት ይናገር? ከነሱ ጋር አለቀሰ። ጋሽ ዘውዴ ፊቱን በነጠላው ሸፈነ፤ ይሳቅ ይልቀስ የሚያውቀው እሱ ነው። ፍቅረማርያም ቀብሩ ላይ አንዲት እንባ ያልወጣችው ሰው፣ በብራዚል ለቅሶ መሀል እንባው ዱብ ዱብ አለ። በምን እንዳለቀሰ ግን ራሱም አላወቀው።

ሴቶቹ ሲረጋጉ እናቱ አጠገቡ ተቀመጠች። እሷንም እንደነሱ ነው የጠየቃት።

«እኔ ምን አውቄ» አለችው። «ስምህን ካነሳሁ ይቆጣል። ተናድጄ ያልታደለ ልጅ ብዬ ከሰደብኩህ ደግሞ ይቆጣል። አንድ ቀን የቱ ይሻልሃል ስለው፣ የቱም አለኝና ወጣ።»

በማግስቱ ከሣልስቱ ጸሎት በኋላ የእድሩ ሰዎች አግዳሚውን ማውጣት ጀመሩ። ማታ ሞሮኮና ፖርቱጋል ናቸው። ገመድ የሚፈቱት፣ ሸራ የሚያጥፉት፣ ሁሉም የሚያወሩት ሮናልዶን ተቀያሪ ማድረግ ልክ ነው አይደለም የሚለውን ነው። የዲኤስቲቪ ቤቱ ባለቤት ገብረአብም እዚያው ነው። አርባ ዓመት ገደማ የሆነው ወፍራም ሰውዬ ነው። ወልደአረጋይ ከሞተ ጀምሮ ቤቱን ዘግቶ የእድሩን ውኃ ሲያመላልስ ነው የከረመው። ምሰሶ ሊነቅል ሲያጎነብስ ፍቅረማርያም ሌላውን ጫፍ ያዘለት። ዙሪያ ጥምጥሙ ሰልችቶታል።

«ጋሽ ገብረአብ፣ አባቴ ወዶኝ ነው የሞተው ጠልቶኝ?»

ገብረአብ ምሰሶውን መሬት ላይ አጋደመ። እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ።

«ጋሽ ወልዴ የማን ደጋፊ እንደነበረ ታውቃለህ?»

«አንዱ ሞሮኮ ይላል፣ አንዱ ስፔን ይላል።»

«የማንም አልነበረም። ቤቴ ሲገባ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ፣ ማን አንሷል ነው። ሰው ያነሰበት ወገን ሄዶ ይቀመጣል። ማክሰኞ ሁሉም ስፔን ሲል ሞሮኮ ብሎ ገባ። ሞሮኮ ስትበረታ ሰዉ ሁሉ ወደ ሞሮኮ ዞረ፤ እሱ ተነስቶ ስፔን ጋ ሄደ። ለምን ስለው፣ ሁሉም አንድ ከሆነ ጨዋታ የለም፣ ብቻውን የቀረ ሰው ደግሞ ያሳዝነኛል አለኝ።»

ፍቅረማርያም እያንዳንዱ ነገር ቦታ ቦታውን ሲይዝ ታወቀው። ሁሉም ሲያማው ተሟገተለት። ሁሉም ሲያመሰግነው ነቀፈው። እናቱ አልቅሳ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ ይቅር በለው ሲሉት ደግሞ ገዘተው። ግን ይኼም አላሳረፈው። እንዲያውም የባሰ ባዶ ሆነበት።

«እንግዲያ የልቡን የሚያውቅ የለማ» አለ።

ገብረአብ ጎንበስ ብሎ ገመዱን ከምሰሶው ፈታ። የእድሩ ሰዎች ድስትና ሳህን ይቆጥራሉ፤ ሮናልዶ ይግባ የሚለው ድምፅ በርትቷል።

«ማክሰኞ ጨዋታው ካለቀ በኋላ በር ላይ ቆመን ነበር» አለ። «አይሱዙ አለፈ። ያንተ ይሁን አይሁን እንጃ። ጋሽ ዘውዴ፣ ይኼ ልጅ ደጃፍህን እያለፈ ስንት ጊዜ ይሄዳል፣ ጥራው እንጂ አለው። ወልደተንሣኤም ጥራው አለ። እኔም አልኩ። ከዚያ እንደ ልማዱ እስኪሞግተን ጠበቅን።»

«ምን አለ?»

«ልክ ናችሁ አለ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ የለም። ደህና እደሩ ብሎ ሄደ። እኛማ ሳቅን፣ የቀለደ መስሎን። እሱ ሰውዬ ልክ ናችሁ ብሎ አያውቅም።»

ፍቅረማርያም እንደ ዳኛ ጠበቅ አድርጎ ጠየቀው። «በደንብ አስታውስ። አንድ ሰው እንኳ፣ አትጥራው ያለ አልነበረም?»

«ማንም። ሁላችንም ጥራው ነው ያልነው። ያኛው ወገን ባዶ ነበር። አልሄደበትም።»

ረቡዕ ጠዋት ወልደአረጋይ ጫማውን ሊያጠልቅ እንዳጎነበሰ ቀረ። የት ሊሄድ እንደነበር ማንም አያውቅም። ለመደወል አስቦ እንደሆነም ማንም አያውቅም። ገብረአብም አልጨመረበትም። ምሰሶውን ትከሻው ላይ አድርጎ ወደ ጋሪው ሄደ።

ድንኳኑ ወርዶ ግቢው በድንገት ሰፊ ሆነ። ብርዱ ከየአቅጣጫው ገባ። ቄሱ ጥግ ላይ ቆመው የፍቅረማርያምን ፊት ያያሉ፤ ልፍታህ አላሉትም፣ ግባም አላሉትም። እሱ የፍራሹን አቧራ አራገፈ፣ ጠቀለለው፣ ትከሻው ላይ አደረገው። በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ።

በሩ ክፍት ነው። እሱ ግን በጣቱ አንኳኳ። «ቤቶች» አለ ቀስ ብሎ፣ እንደ እንግዳ። ከውስጥ እናቱ ግባ አለችው። አልተንቀሳቀሰም። አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ አይሆንም የሚል ድምፅ ጠበቀ። ትንሽ ጠበቀ። ከዚያ ጫማውን አውልቆ፣ ደፉን ረገጠ።