ለስንት ሰው ነው

እና ለስንት ሰው ነው ትላለች ሻጯ፣ እኔን እያየች ነው የምትጠይቀው፣ የሚመልስላት ግን እሱ ነው፣ ለአራት፣ አራት ጣቱን ዘርግቶ፣ እሷ ማስታወሻዋ ላይ አራት ብላ ትጽፋለች፣ አለቀ። ሦስት ነን። ዘንድሮ ሦስት ነን ልል ነበር፣ ትናንት ማታ መስታወት ፊት ተለማምጄዋለሁ፣ አንድ ቃል ናት፣ ስለማመዳት ጥሩ ወጥታ ነበር።

ልነግረው አመጣሁት ማለት ውሸት ነው፣ ራሱ ነው የመጣው፣ ድንኳን ልትገዛ ነው አሉ፣ ያለ እኔ ድንኳን ታውቃለህ እንዴ ብሎ ጠዋት ደጄ ላይ ቆሞ አገኘሁት፣ ኮቱን ለብሶ፣ ተላጭቶ፣ አገጩ ሥር ግን ምላጭ ያልነካት አንድ ጥፍር የምታህል ጢም ቀርታለች፣ አየኋት። ታላቅ ወንድሜ ነው፣ ጋሼ ነው የምለው፣ በአሥራ አራት ዓመት ይበልጠኛል፣ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር፣ ተኩስ ያስተማረኝ እሱ፣ ጢም መላጨት ያስተማረኝ እሱ፣ አባታችን ሲሞት አስቀምጦ የነገረኝ እሱ፣ ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፣ ዙሪያ ጥምጥም አልሄደም፣ አባባ ሞቷል አለኝ፣ ከዚያ እጄን ያዘኝ። እኔ ይኸው በአምሳ ሁለት ዓመቴ አንድ ቃል አቅቶኝ ካስማ እቆጥራለሁ።

ካስማው አሥራ ሁለት ነው፣ አሉሚኒየም፣ አንዱ አሥራ አንድ ግራም። ሱቁ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ መስኮት የለውም፣ ሣር የሚመስል አረንጓዴ ምንጣፍ ተነጥፎ አምስት ድንኳን ተተክሎበታል፣ ነፋስ በሌለበት ድንኳን ሁሉ ጀግና ነው። ይሄኛው ወለል አለው፣ ድርብ ነው፣ ሁለት ኪሎ ከአራት መቶ፣ ይሄኛው ነጠላ ነው፣ ወለል የለውም፣ አንድ ኪሎ ከመቶ ሰማንያ፣ ትላለች፣ ከኪሴ የእጅ ሚዛኔን አውጥቼ የታጠፈውን አንጠለጥለዋለሁ፣ አንድ ኪሎ ከሁለት መቶ አርባ፣ እሱ እኮ ከነከረጢቱ ስለሆነ ነው ትላለች፣ ከረጢቱ በእግሩ አይሄድም እላታለሁ፣ ወንድሜ ይስቃል፣ አትፍረጂበት፣ የነጋዴ ሚዛን መርማሪ ነው፣ ይላታል፣ እናቱን መዝኖ ነው የተወለደው፣ ልጅቷ ትስቃለች፣ እኔም እስቃለሁ።

ግራም የምንቆጥረው ለይምሰል አይደለም። የአደን ፈቃድ ሲከፈት መኪና የማይደርስበት ዳገት ላይ አራት ቀን እንከርማለን፣ እኔ፣ ጋሼ፣ ፀጉር አስተካካዩና ዝምተኛው የኬሚስትሪ አስተማሪ፣ የምንበላውም የምንተኛበትም በጀርባችን ነው፣ አጋዘን ከወደቀ ስንመለስ ሥጋው ይጨመራል፣ ስለዚህ ከመንገዱ በፊት ባለው ሐሙስ እኔ ቤት ኮሪደር ላይ ሚዛን ሰቅለን ሸክም እንካፈላለን፣ ለዕድሜ አስተያየት የለም፣ እኩል ነው፣ ሕጉን ያወጣው ራሱ ጋሼ ነው። አሮጌው ድንኳናችን ሸራ ነው፣ መሀሉ ላይ አንድ የብረት ምሰሶ ይቆማል፣ ምሰሶውን የሚይዘው ሁልጊዜ እሱ ነው፣ ምሰሶ የያዘ ሰው ተጥሎ አይኬድም ይላል፣ ሌላው ቢቀር ለእንቅልፋችሁ ስትሉ ትጠብቁኛላችሁ። ሦስት ዓመት ሆነኝ፣ የእሱ ሸክም አሥራ አንድ ኪሎ ሲመዝን አሥራ አራት ብዬ አነባለሁ፣ ጮክ ብዬ፣ ሥጋ ሻጭ በሃምሳ ግራም የምቀጣ ሰውዬ ለወንድሜ ሦስት ኪሎ ሰርቄለታለሁ፣ እሱ ዳገቱን እየወጣ፣ አያችሁ በዚህ ዕድሜ፣ በአሥራ አራት ኪሎ፣ ይላል፣ እኛ ትንፋሽ ያጠረን መስለን ዝም እንላለን። ቁጥሩን ራሱ አንብቦ አያውቅም፣ አንተ እያለህ ምን በወጣኝ ይለኛል፣ እምነት መስሎኝ ነበር።

ይሄኛው ደግሞ ምሰሶ የለውም አባባ፣ ትላለች ሻጯ፣ በሁለት የመራመጃ በትር ነው የሚቆመው፣ በትሩን ለማንኛውም ይዛችሁ ስለምትሄዱ ምሰሶ መሸከም ቀረ ማለት ነው። ቀረ፣ ይላል ጋሼ። እና እኔ ምን ልሸከም ነው፣ ብሎ እየሳቀ ወደ እኔ ይዞራል፣ ወደ እኔ ሳይሆን ከእኔ ትንሽ ወደ ግራ፣ ትከሻዬ አጠገብ ካለው የኮፍያ መደርደሪያ ጋር ነው የሚስቀው። ምግብ ትይዛለህ እላለሁ። ምግብማ እየተበላ ያልቃል፣ በሦስተኛው ቀን ባዶ ቦርሳ ተሸክሜ እንደ እንግዳ ልከተላችሁ ነው፣ ይላል። ልጅቷ ቀልድ መስሏት ትስቃለች።

ቀልድ ይወዳል፣ ጣጣው እሱ ነው። ባለፈው ዓመት በሁለተኛው ቀን ጠዋት፣ ደረቅ ሣር ውስጥ ጎን ለጎን ተኝተን፣ አየሁት አለኝ በሹክሹክታ፣ ጠመንጃውን አነሳ፣ የሚያነጣጥርበትን ተከትዬ አየሁ፣ መቶ ሜትር አይሞላም፣ ፀጉር አስተካካዩ ቡኒ ጃኬቱን ለብሶ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ገመድ ያስራል። አልጮህኩም፣ ጊዜ አልነበረም፣ በክርኔ አፈሙዙን ከሥር መታሁት፣ ጥይቱ ወደ ሰማይ ሄደ። አስተካካዩ ቀና ሲል ፊቱ አመድ መስሎ ነበር፣ ጋሼ ግን ተነስቶ እኔ ላይ ያፈጣል፣ አጋዘኔን አስመለጥክብኝ፣ ምን ሆነህ ነው፣ ቀንዱን እኮ አይቼው ነበር። ያኔ ነው መናገር የነበረብኝ፣ እዚያው፣ ባሩዱ ሳይበርድ። ይቅርታ ጋሼ፣ ክርኔ አዳለጠኝ አልኩት። አስተካካዩ እየሮጠ ሲደርስ ይህንን ሰማ፣ ዓይን ለዓይን ተያየን፣ ዋጠው፣ በኋላ ግን ከድንጋይ ጀርባ ሄዶ ሲያስመልስ ሰማሁት።

ከዚያ ወዲህ አንድ ዓመት ሙሉ በእሁድ ምሳ ላይ ያው ታሪክ ነው፣ ሚዛን የሚያስተካክል ሰው ክርኑን ማስተካከል አቅቶት፣ ይጀምራል፣ እጁን ዘርግቶ የአጋዘኑን ቀንድ ይለካል፣ ቀንዱ በየወሩ ይረዝማል፣ መጋቢት ላይ ክንድ ነበር፣ አሁን ጠረጴዛው አልበቃውም፣ ሁሉም ይስቃል፣ እኔ ከሁሉ በላይ እስቃለሁ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ሚስቱ እትዬ አንድ ቀን ሳህን ልትቀበለኝ መስላ ኩሽና ውስጥ አስቆመችኝ፣ እውነቱን ንገረኝ፣ ያየው ነገር ምንድን ነው አለችኝ፣ ነገርኳት፣ አላለቀሰችም፣ ሳህኑን አጥባ ጨረሰች፣ ውሃ ሲቀዳ ከብርጭቆው ውጪ እያፈሰሰ ጠረጴዛው ተንጋዷል ይለኛል አለች፣ እግሩ ሥር ወረቀት አጥፌ አስገብቼለታለሁ፣ ደህና ሆነ ይለኛል። ሐኪም ጋ እንሂድ ስትለው፣ ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ የነዳሁበት ዓይን ነው ብሎ ይቆጣል። አንተ ንገረው፣ ከእኔ ከሆነ ንዝነዛ ነው የሚመስለው። እሺ አልኳት። የካቲት ነበር።

አስተካካዩ ክፉ ሰው አይደለም። መቀስ ጭንቅላቴ ላይ ይዞ ነው የነገረኝ፣ አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም፣ እኔም ያለችኝ አንዲት ነፍስ ናት፣ እወደዋለሁ፣ እሱ ከመጣ ግን እኔ የለሁም፣ ብሎ ማጅራቴን በብሩሽ አራገፈልኝ፣ አስተማሪው ወረፋ ይዞ ተቀምጦ ነበር፣ ጋዜጣውን ገለጠ፣ እሱ ጋዜጣ ከገለጠ ተስማምቷል ማለት ነው። አዲስ ድንኳን ግዛ አሉኝ፣ ቀላል፣ ለሦስት ሰው የሚሆን፣ ሲያየው ይገባዋል። ሦስት ትልልቅ ሰዎች ቁጭ ብለን ይህንን ወሰንን፣ ጨርቅ እንዲናገርልን። ብናገር ቢበዛ ይቀየመኛል፣ ካልተናገርኩ ግን ማን ያውቃል፣ ዘንድሮ በክርኔ የምደርስበት ቦታ ላይ ላልሆን እችላለሁ፣ ሰው ይሞታል፣ ገዳዩም ወንድሜ ይሆናል፣ ይህን በልቤ ስለው ምንም አይሰማኝም፣ እንደ ሚዛን ቁጥር አነበዋለሁ፣ እጄ ግን ካስማውን መልሶ ይቆጥራል፣ አሥራ ሁለት።

ነጠላው ጤዛ ያንጠባጥባል፣ ይላል ጋሼ፣ አራት ሰው ሲተነፍስበት ጠዋት ዝናብ ነው። ልክ ነው። ድርቡ ይሻላል፣ ይከብዳል ግን ለአራት ሲካፈል ስንት ነው፣ ስድስት መቶ፣ ይኸው፣ አንድ ጠርሙስ ውሃ አይሆንም። ልክ ነው፣ ሁሉም ልክ ነው፣ ለአራት ከሆነ። ስፌቱን በጣቱ እየዳበሰ በድንኳኑ ዙሪያ ይሄዳል፣ አንድ ቦታ ላይ ይቆማል፣ እዚህ ጋ ክር ዘሏል ይላታል፣ ልጅቷ አጎንብሳ ታያለች፣ ስልኳን አብርታ ታያለች፣ እውነት ነው፣ ሁለት ቦታ ዘሏል፣ እንዴት አዩት አባባ ትለዋለች። ዓይን ነዋ፣ ይላል። አፍራለሁ። ስለ እሱ አይደለም የማፍረው።

ጫማውን ያወልቃል፣ ካልተኙበት አይታወቅም፣ ብሎ እንብርክክ ገብቶ ከውስጥ ዚፑን ይስበዋል፣ ልጅቷ ሌላ ደንበኛ መጥቶባት ትሄዳለች። ተረከዙ ጨርቁን ሲገፋው ይታየኛል፣ ይንፈራገጣል፣ ይለካል። ይበቃናል፣ ይላል ድምፁ፣ እኔ ከግድግዳው፣ አንተ ከጎኔ፣ አስተማሪው መሀል፣ አስተካካዩ በሩ ጋ ይተኛ፣ ስለሚያንኮራፋ፣ ውጪ ላሉት አራዊት ያንኮራፋላቸው። ፊቱ አይታየኝም። ፊቱ ካልታየኝ ማለት እችላለሁ፣ አሁን ካላልኩ አልልም፣ እወደዋለሁ፣ በዓለም ላይ እንደ እሱ የምፈራው ሰው የለም፣ ምንጣፉ ላይ ቁጢጥ እላለሁ፣ ጉልበቴ ይንቋቋል።

ጋሼ፣ አጋዘን አልነበረም።

ምኑ።

ያን ቀን፣ የመታሁህ ጊዜ፣ ክርኔ አላዳለጠኝም፣ ሆን ብዬ ነው፣ አስተካካዩ ነበር፣ ጫማውን እያሰረ ነበር።

ተረከዙ ጨርቁን መግፋት ይተዋል። ከላይ የአየር ማቀዝቀዣው ያጉረመርማል፣ ልጅቷ ለአንድ ሰው ስለ ጓንት ታስረዳለች፣ በሱፍና በቆዳ መካከል ያለው ልዩነት፣ ሁሉንም እሰማለሁ፣ ሱፉ ሲረጥብም ይሞቃል። እቆጥራለሁ፣ አሥር፣ ሃያ፣ ሠላሳ።

የአደን ቀይ ኮፍያውን አላደረገም ነበር እንዴ፣ ይላል።

አድርጎ ነበር።

ቀይ።

ቀይ፣ ጋሼ። ዘንድሮ አትሄድም፣ ድንኳኑ ለሦስት ነው። ብያለሁ፣ ወጥቷል፣ የሚሰማኝ ግን እፎይታ አይደለም፣ የሰው ዕቃ የሰበርኩ ነው የሚመስለኝ።

እትዬህ ታውቃለች?

ታውቃለች።

እሱስ?

እሱ ነው የነበረው ጋሼ፣ እንዴት አያውቅ።

ሻጯ ተመልሳ ትመጣለች፣ ጫማውን ታያለች፣ እኔን ታያለች፣ ወሰናችሁ፣ የአራቱን ላስጠቅልል ትላለች፣ ለሦስት እላታለሁ፣ ለሦስት ሰው የሚሆነውን፣ ድርቡን፣ ድምፄን ዝቅ አላደርግም፣ ይስማው፣ ከእንግዲህ ያልሰማው ነገር አይኑር፣ እሺ ብላ ወደ መጋዘኑ ትሄዳለች። ዚፑን ልከፍትለት እጄን እሰዳለሁ፣ እመልሰዋለሁ፣ ራሱ ይክፈተው፣ ሲፈልግ ይውጣ፣ ቀኑን ሙሉ እዚህ እቀመጣለሁ።

ባለፈው እሁድ እኮ፣ ይላል ከጨርቁ ወዲያ፣ ቀስ ብሎ፣ ቀንዱን ስለካላችሁ፣ አስተካካዩ አጠገቤ ነበር የተቀመጠው። ትከሻዬን ይዞ ነበር እኮ የሚስቀው።

አዎ፣ እላለሁ።

እንባው እስኪመጣ ሳቀ።

አዎ ጋሼ፣ አይቼዋለሁ።