ስፖኪዮው ውስጥ ካላየሽኝ

…ነይ ይለኛል፣ ነይ፣ ነይ፣ ነይ፣ በግራ እጁ እየጠራኝ፣ ቀኝ እጁ በፎጣ ተጠቅልሎ ደረቱ ላይ፣ ፎጣው ላይ ደም፣ የቦስኮ ጥርስ፣ ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሰው ነክሶ የማያውቅ ውሻ ዛሬ ጠዋት ነከሰ፣ ባሌን ነከሰ፣ ባሌም በዚያ እጁ መሪ መያዝ ስላቃተው ይኸው እኔ ነጂ እሱ ጠቋሚ ሆነናል። ለሃያ ስድስት ዓመት ከኋላ የምቆመው እኔ ነበርኩ።

ቀስ። ፍሬን። እንደገና ቀስ። አልጋው፣ ምድጃው፣ ሽንት ቤቱ፣ ውሻው፣ ድመቷ፣ ያለን ነገር በሙሉ በዚህች ቤትም መኪናም በሆነች ነገር ውስጥ ከጀርባዬ ነው፣ በቀኝ ሐይቁ፣ ከኋላ ትልቁ ጥድ፣ ከጥዱ ፊት ባሌ ድዋይት። ነይ ማሬ፣ ነይ። ማሬ የተባልኩት ሰው ስላለ ነው። አጠገባችን የሰፈሩት ጎረቤቶች ታጣፊ ወንበራቸውን ወደኛ አዙረዋል፣ ካምፕ ውስጥ ከሰዓት በኋላ ከዚህ የተሻለ ትርኢት የለም፣ የሰው ሚስት መኪና ወደ ኋላ ስታስገባ ማየት፣ አንዱ ሽማግሌ ቢራውን ከፍ አድርጎ፣ ግራ ስበሪው እመቤት፣ ግራ፣ ጎሽ፣ አይዞሽ፣ እኔም ይሄን ጥድ ሁለቴ ገጭቼዋለሁ! ሳቅ። ድዋይትም ይስቃል። ሰው ፊት እንዲህ ነው፣ አፈ ቅቤ ልበ ጩቤ፣ እንጨት ይፈልጥላቸዋል፣ ዓሣ ያካፍላቸዋል፣ እንዴት ያለ ባል አለሽ ይሉኛል፣ እኔም አዎ እላለሁ።

ዓሣ። ነገሩ የጀመረው በዓሣ ነው። ሙኒሲንግ ወደብ ላይ የገዛነው በጭስ የደረቀ ነጭ ዓሣ፣ ቆዳውን ብቻ፣ ቆዳውን እኮ ነው፣ ለፐርል ጣልኩላት፣ ድመት ናት፣ ዓሣ ሸቷታል፣ ለድመት ነው እንዴ የገዛሁት አለ፣ መጥበሻው መቼ ከእጁ እንደገባ አላየሁም፣ ጆሮዬ ላይ፣ አሁንም ይጮኻል ጆሮዬ፣ ሁለተኛውን ሊደግመኝ ሲያነሳ ቦስኮ ከጠረጴዛው ስር ወጣ። ሳይጮኽ። ወጣና ነከሰ፣ ነክሶም አልለቀቀም፣ ድዋይት እንደ ልጅ ጮኸ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ ያንን ድምፅ ወደድኩት፣ ከዚያ ጫማው፣ የብረት አፍንጫ ያለው ጫማ፣ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ፣ የጎድን አጥንት ሲሰበር እንደ ደረቅ ማገዶ ነው፣ ከራሴ አውቀዋለሁ።

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ዝቅ ሲያደርግ ነው የምፈራው። ቦታ እንያዝና አካፋውን ታወጪያለሽ አለ፣ የውሻሽን ጉድጓድ አንቺ ነሽ የምትቆፍሪው፣ እኔ መጥረቢያውን እይዛለሁ፣ ከእራት በፊት ይለቅልኝ። እራት! ሐኪም ቤት እንሂድ፣ እጅህ ይታይ ብለው፣ አርፈሽ ንጂ። ነዳሁ። ስልሳ ማይል ከሐይቁ ጋር፣ ውሃው እንዲያ ሰማያዊ ሆኖ፣ እሱ ከጎኔ እያቃሰተ፣ ቦስኮ ከኋላ እያቃሰተ፣ ሁለቱን ትንፋሽ ለይቼ እየሰማሁ፣ የቦስኮ እንዳይቆም፣ ያኛው ግን…

ያኛውስ? በይው ሎርና። ያኛው ይቁም።

ነይ፣ ነይ። ስፖኪዮው ውስጥ ካላየሽኝ ቁሚ፣ ገባሽ? እኔን ያስተምረኛል። ያኔ ማርኬት ከተማ፣ የዛሬ ሦስት ክረምት፣ ከኋላ ቆሜ እጄን ሳወዛውዝ፣ ሕጉ ያው ነበር፣ ካላየሁሽ እቆማለሁ፣ የካምፑ የሲሚንቶ ጠረጴዛ ወገቤን ነካ፣ ቁም አልኩ፣ ቁም፣ መኪናዋ መጣች፣ ቀስ ብላ፣ ሳትቸኩል፣ ዳሌዬ እስኪንቋቋ፣ ስፖኪዮው ውስጥ ፊቱን አየሁት፣ እያየኝ ነበር፣ ዓይን ለዓይን ተያይተናል፣ ከዚያ ወርዶ፣ ውይ፣ አላየሁሽም ማሬ። ሰው ተሰብስቦ ስለነበር አለቀሰም፣ ሰዎቹ እሱን አጽናኑት።

አሁን እሱ ነው ከጥዱ ጋር። እግሬ ፍሬኑ ላይ። አንድ ክንድ ቀርቷል፣ ስንዝር፣ ወፍራም አንገቱ፣ የሚስቅ አፉ፣ ብረትና ግንድ መሃል ምን ያህል ድምፅ ያወጣ ይሆን፣ አላየሁትም እላለሁ፣ አለቅሳለሁ፣ ሽማግሌው ቢራውን ጥሎ ያቅፈኛል፣ ምስኪን፣ ጀማሪ ነጂ ናት ይሉልኛል፣ ፍሬኑን እለቃለሁ፣ ትንሽ፣ ገና ትንሽ፣ ጠፋ። ስፖኪዮው ውስጥ የለም። አልቆምኩም። ሌላ ስንዝር። የመኪናዋን ጀርባ ደበደበው፣ ቁሚ አንቺ ደነ… ማሬ! ማሬ ቁሚ!

ቆምኩ። ጣፍጦኝ ነበር፣ እሱን ሆኜ ነበር፣ ለአንዲት ስንዝር ድዋይትን ሆኜ ነበር።

ሳቅ ከወንበሮቹ። ጎሽ፣ ገባች! ድዋይት ሸሚዙን እያራገፈ ብቅ አለ፣ ፊቱ ነጥቷል፣ ዓይኑ ግን ሌላ ነው፣ የዚያን ዓይን ዋጋ ማታ ነው የምከፍለው። በይ ሞተሩን አጥፊው። በጎን በር በኩል ይመጣል። አካፋውን አቀብዪኝ ማሬ፣ ውሻችን ታሟል መሰለኝ ይላቸዋል ጎረቤቶቹን፣ ሳይሠቃይ ብገላግለው ይሻላል፣ እነሱም እህ ይላሉ፣ ያሳዝናል፣ ወርቅ ባል። ቦስኮ ድምፁን ሰማ። ተነሳ። በዚያ ጎድን እንዴት እንደተነሳ እንጃ፣ በመኪናዋ ወንበሮች መሃል ተጎትቶ መጥቶ አገጩን ክንዴ ላይ አሳረፈ፣ ሽንቱ ወለሉ ላይ ይፈስሳል፣ ውሻ በበላበት ይጮኻል ይላሉ፣ ይሄ እንኳ አልጮኸም፣ እኔን ብቻ ያያል።

በሩን ቆለፍኩ። ቀጭ።

ሎርና። ሰማሽ? ክፈቺ። ሎርና!

ማርሽ ወደ ፊት። ነዳጅ። ሳህኖቹ ከመደርደሪያው ወረዱ፣ ፐርል ጮኸች፣ ድዋይት በደህና እጁ ስፖኪዮውን ይዞ ይሮጣል፣ አፉ መስኮቱ ላይ፣ አሁን ማሬ የለም፣ እገልሻለሁ፣ አንቺ ቆሻሻ፣ ከነውሻሽ አንድ ጉድጓድ ነው የምከታችሁ፣ እያለከለከ ይነግረኛል፣ ወንበሮቹ ላይ ማንም አይስቅም፣ ሰሙ፣ በስተመጨረሻ ሰሙት። ግራ ስበሪው እመቤት! ማን ነው ያለው? ሽማግሌው ነው፣ ቆሟል፣ ቢራ አልያዘም፣ ግራ፣ ግራ! ሰበርኩት፣ የመብራት እንጨት መጣ፣ ልቀቅ ድዋይት፣ እባክህ ልቀቅ፣ ወይም አትልቀቅ፣ ጓ! መስታወቱ ተረጨ፣ ለቀቀ፣ ወይ እሱ ወይ ስፖኪዮው፣ የሆነ ነገር ጠጠሩ ላይ ተንከባለለ።

መውጫው። አስፋልት። ሐይቁ በግራ ዞሯል። የእንስሳት ሐኪም አለ ቀጣዩ ከተማ፣ ስንመጣ ምልክቱን አይቻለሁ፣ ተንፍስ ቦስኮ፣ ተንፍስ ልጄ፣ ወደ ኋላ ልይ ብዬ ዞርኩ፣ ስፖኪዮው የነበረበት ቦታ ላይ ሁለት ሽቦ ተንጠልጥሏል፣ ከሱ ወዲያ ውሃ ብቻ፣ ካላየሽኝ ቁሚ፣ ካላየሽኝ ቁሚ፣ ነዳጁን ረገጥኩት።

አላየሁህም፣ ማሬ።